የአባባ አዲስ ቆዳ፦ ከአስኮ እስከ ዘነበወርቅ

ጠዋት፣ አስኮ

አባቴን ይዤ ወደ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ወጣሁ። እግራቸው መትረፉና መቆረጡ የሚለየው ዛሬ ነው። አባባ ስኳር አለባቸው፤ እግራቸውን አደንዝዞታል። ክረምት ላይ እግራቸውን ከሰል ምድጃ አስጠግተው ሲሞቁ፣ ቆዳው ሲቃጠል እንኳ አልተሰማቸውም። ሐኪሞቹ ከጭናቸው ስስ ቆዳ ወስደው ቁስሉ ላይ አለበሱላቸው። ፋሻው ሲፈታ ያ ቆዳ ካልያዘ መቁረጥ ሊመጣ ይችላል ተብለናል።

በዚህ ላይ ትናንት ጉድ ሠሩኝ! ከሥራ ስገባ ፋሻውን ፈተው፣ በረንዳ ላይ እግራቸውን እንደ በርበሬ አስጥተውታል። ሊጠይቋቸው የመጡት ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ቁስል አየር ካላገኘ አይደርቅም» ብለዋቸው ነው። እኛ ሰፈር በሽተኛ የሚጠይቅ ሰው ቁስሉን ገልጦ ሳያይ ጠየቀ አይባልም። ተናድጄ መልሼ ጠቀለልኩት፤ ልቤ ግን አላረፈም።

18 ማዞሪያ

ታክሲ ስንቀይር ሾፌሩ አባባ ሲያነክሱ አይቶ «ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ!» አላቸው። መረቁት። ጭቃው፣ የኪዮስኮቹ ግፊያ፣ የታክሲው ጥሩምባ ሌላ ቀን ያማርረኛል፤ ዛሬ አልሰማሁትም።

አባባ ዕድሜ ልካቸውን መርካቶ ጫማ የሸጡ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ዞር ብለው «አንድ እግር ጫማ ብቻ የገዛኝ ደንበኛ የለም እኮ» አሉኝ። ሳቅሁ። ከዚያ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ።

ዘነበወርቅ

ቁስል የምታጥበው ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ትባላለች። ፋሻውን በጨው ውኃ እያረጠበች ቀስ ብላ ስትልጥ፣ አባባ ሳይጠየቁ «ትናንት ፀሐይ አስመታሁት» አሉ።

«ውይ አባባ!» አለች። ጎንበስ ብላ አየች። ተረከዙ አጠገብ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ደርቃ ጠቁራለች። ሌላው ግን ሮዝ ነው።

«ይዟል!»

«አይቆረጥም?» አልኩ።

«ኧረ አይቆረጥም!»

እልል አልኩ፤ ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«የደረቀችውስ?» አልኳት።

«ሰውነታቸው ይሸፍናታል። ከቁስሉ ዳር ያሉት ሕዋሶች እየተሳቡ ወደ መሃል ይሄዳሉ። የሚሄዱት ግን በእርጥብ ነው፤ ሲደርቅ መንገድ ያጣሉ።» እጇ ሳያርፍ አጫወተችን። እግሩ ሲቆረጥ ከነአጥንቱ ከነጣቱ መልሶ የሚያበቅል፣ እንሽላሊት የመሰለ የውኃ ፍጥረት አለ አሉ። እኛም በማህፀን ሳለን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ ቁስላችን ያለ ጠባሳ ነው የሚድነው አለችን።

አባባ አፋቸውን ከፍተው «ታዲያ ስንወለድ ረሳነው?» አሉ።

«ተመራማሪዎቹም የሚፈልጉት እሱኑ ነው» አለች እየሳቀች።

«አቤት ሥራህ!» አሉ አባባ፣ ወደ ላይ እያዩ።

ከሰዓት፣ ቤት

እኔ ሰውነት ዝም ብሎ የሚያረጅ ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ስኳር፣ ቆዳቸው እንዲህ ሲሠራ ማየቴ አስደነቀኝ፤ ደስታዬን የምይዝበት ጠፋኝ።

እትዬ አስካለ ብርቱካን ይዘው ደጃፍ ጠበቁን። ገና ሳንቀመጥ «እስቲ ይፍቱትና ልየው» አሉ።

አባባ እግራቸውን ጋቢ አለበሱት። «አይሆንም አስካለ። ሥራ ላይ ናቸው።»

«እነማን?» እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ አዩ።

«ከዳር እየመጡልኝ ነው። መሃል እስኪገናኙ ማንም አይረብሻቸውም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን አውጥተሽ ጥረጊልኝ።»

አንዱን ይዤ መጣሁ፤ በፋሻ የተጠቀለለው እግር ገና ጫማ አይገባውም ብዬ።

«ሁለቱንም» አሉ።