ፊቱን ወደ ጭቃው ያዞረ ጋዜጣ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የድሮውን ቤት ግድግዳ በዶማ ሲንድ፣ ከምርጊቱ ሥር አንድ የጋዜጣ ቁራጭ ብቅ አለ። ቢጫ ሆኗል። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል። አንስቼ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ያ የኮመጠጠ የማሽላ ሙጫ ሽታ አልለቀቀውም።

«አባዬ፣ ምን ታሸታለህ? ቆሻሻ እኮ ነው» አለኝ።

«ዶማህን አስቀምጥ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላስነካሁትም። ቤቱ በብሎኬት ይሠራ አይሠራ እሱ የኔና የልጄ ጠብ ነው። አንተ ግን ለምን እንደሆነ ስማኝ።

ከወሎ በሰፈራ ወደ አሶሳ ስንመጣ እናትም አባትም አልነበሩንም። እኔና ታናሽ እህቴ ብቻ ነበርን። እኔ ጺሜ ገና መብቀሉ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስሜን እጽፋለሁ፣ አማርኛ እየተንተፋተፍኩ አነባለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚያውቀኝ እርሻዬ ነው። እሷ ግን ትምህርቱን አጥብቃ ይዛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች።

ያን ዓመት ማትሪክ ሊመጣባት ነበር። ካለፈች መምህራን ማሰልጠኛ ትገባለች። ከወደቀች የሚጠብቃት ባል ነበር፤ በዕድሜ አባቷን የሚያህል፣ ከብት ያለው ሰው፣ ሽማግሌ የላከ። ሽማግሌዎቹን «ፈተናውን ትይ። ከወደቀች የናንተ ናት» ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን እንደማላጥፍ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች።

ሒሳቡ አይከብዳትም። የሚጥላት እንግሊዝኛው ነበር። አስተማሪዋ «በየቀኑ አንድ ገጽ ጋዜጣ አንብቢ። ያላወቅሽውን ቃል አስምሪበት። ትርጉሙን መጀመሪያ ከዙሪያው ገምቺ፣ መዝገበ ቃላት ኋላ ይደርሳል» አላት።

ጋዜጣ ከየት ይመጣል? ገበያው ዳር አንድ የበርታ ሽማግሌ ባለሱቅ ነበር። ስኳርና ጨው የሚጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ከየቢሮው ይሰበስባል። እኔ በየማለዳው የምሸጠውን ሸመል፣ የቆላ ቀርከሃውን፣ ተሸክሜ ስወርድ በሱቁ በኩል አልፋለሁ። የእንግሊዝኛውን ለይቶ ያስቀምጥልኛል።

«ያ ወለድ፣ ነይ! ይሄ ጀሪዳ የእህትሽ ነው። ስኳር አልነካውም፣ ወላሂ» ይለኛል። ያ ወለድ ማለቱ አንተ ልጅ ነው፣ ጀሪዳ የሚለው ጋዜጣን። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ልቡ ግን ሰው ይለያል።

ጋዜጣው የሳምንት፣ አንዳንዴም የወር ነው። ለእሷ ግን የዕለት ነበር። ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ፀሐይ በሸመሉ አጥር ሽንቁር ገብታ መሬቱን ስታዠጎረጉር፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ታነባለች። በቀይ እስክሪብቶ ታሰምራለች፣ ዳር ዳሩን አማርኛውን ትጽፋለች፣ ቃሉን ሦስት ጊዜ ጮክ ብላ ትለዋለች። እኔ ዶማዬን እየጠገንኩ እሰማለሁ።

«ኦብስቲኔት» አለች አንድ ቀን።

«ምን ማለት ነው?»

«ግትር። ወንድም ጋሼ ሙት፣ ስገምተው ያንተን ፊት ነው ያየሁት።»

ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ ከአልጋው ሥር ታኖረዋለች። ክምሩ እያደገ አልጋውን ሊነካ ደረሰ።

ዒድ ሲቃረብ አራስ ልትጠይቅ ባምባሲ ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። በኛ ሰፈር ለዒድ ቤት ይለቀለቃል፤ ጋዜጣ ያገኘ ደግሞ ግድግዳውን በጋዜጣ ያለብሳል። ቤታችን እንዲያምርላት ፈለግሁ። የማሽላ ዱቄት በውኃ አፍልቼ ሙጫ ሠራሁና ክምሩን ጎትቼ አወጣሁ። ያነበበችው ነው አልኩ። እህሉ ጎተራ ገብቷል፣ ይኼ ገለባው ነው። ሥዕል ያለበትን ፊት ወደ ውጭ አደረግሁ። ቀይ የተሞነጫጨረበት ቆሻሻ መሰለኝና ወደ ጭቃው አዞርኩት። ሥዕል የሌለውን እንደመጣልኝ ለጠፍኩ፤ ለካ ግማሹ ተዘቅዝቋል።

ስትመለስ ጎረቤቶች ቤቱን ሊያዩ ተሰብስበው ያመሰግኑኛል። እሷ በሩ ላይ ቆመች። ዕቃዋን አስቀመጠችና የአንዱን ወረቀት ጫፍ በጥፍሯ ሳብ አደረገች። ከነጭቃው ተቀድዶ መጣ። ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሆን ብለህ ነው?»

«ምኑን?»

«ለሽማግሌዎቹ ብለህ ነው? እንድወድቅልህ?»

እዚያ ላይ «አፉ በይኝ»፣ ይቅር በይኝ፣ ማለት ነበረብኝ። በኛ አገር ትልቅ ሰው ለሕፃን እንኳ ይለዋል። እኔ ግን «ወረቀት ነው! ሌላ አመጣልሻለሁ!» ብዬ ጮኽሁ። የዒዱን ሥጋ ሳትቀምስ ዋለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ለባለሱቁ ነገርኩት። አንድ ደንበኛውን ሸኝቶ እስኪጨርስ አላየኝም።

«ራስሽ ሸመል ነው» አለኝ። «ውጪው ጠንካራ፣ ውስጡ ንፋስ።»

ሸመሉን ከትከሻዬ አወረድኩ።

«አንቺ ቁርኣን አልቀራሽም? ሎህ አታውቂም? ልጅ እንጨት ላይ ይጽፋል፣ ያነባል፣ ያነባል። ካላስ፣ አለቀ፣ ሼኹ በውኃ ያጥባል። ልጅ ያለቅሳል? አያለቅስም! ፊደል ከእንጨት ወጣ፣ እዚህ ገባ» ብሎ ደረቱን መታ። «ሂጂ፣ እህትሽን ጠይቂ። ገብቷል ወይስ አልገባም?»

ያን ዕለት ከመግሪብ በፊት ቀጭን ሸመል ይዤ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። አንዱን ወረቀት ጠቅ አደረግሁ።

«ከዚህ ኋላ ምን አለ?»

ሌላውን ጠቅ አደረግሁ። «ከዚህስ ኋላ?»

ዞረች። ወረቀቱን አየችው፣ ሥዕሉን አየችው። ከዚያ አንድ ቃል አለች። ቀጥላ ትርጉሙን። ቀጥላ ሌላ። ዓይኗን ጨፈን ከፈት እያደረገች፣ በጭቃው በኩል ያለውን ፊት ከላይ እስከ ታች አነበበችልኝ።

እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ልክ ትበል ትሳሳት በምን እለያለሁ? ግን እህቴን አውቃታለሁ፤ ያላወቀችውን አውቃለሁ ስትል ዓይኗ ወደ በሩ ይሄዳል። ዓይኗ ወደ በሩ ሲሄድ «እሱ አልገባሽም!» እላለሁ። ወረቀቱ ላይ በከሰል ምልክት ታደርግና በማግስቱ አስተማሪዋን ትጠይቃለች። የተዘቀዘቀውን ደግሞ አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ራሷን ከጠርዙ ቁልቁል ለቃ ታነበው ነበር። በአራተኛው ቀን እንደዚያ ተዘቅዝቃ ሳለች ሳቋ አመለጣት። እኔም ሳቅሁ። ይቅርታ ግን አልጠየቅሁም፤ እሷም ዳግመኛ አላነሳችውም።

አለፈች። ሽማግሌዎቹን እኔ ራሴ ሄጄ ነገርኳቸው። እሷም ሠልጥና ካማሺ ተመደበች፤ ፀጉሯ እስኪሸብት እዚያው እንግሊዝኛ አስተማረች። ለዒድ በመጣች ቁጥር ገና ሳትቀመጥ በሩ አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳበስ ታደርጋለች። ወረቀቱ በምርጊት ከተሸፈነ በኋላም ትዳብሰው ነበር።

አምና በክረምት መታመሟን ላኩብኝ። የካማሺ መንገድ በጭቃ ተይዞ ስደርስ ከተቀበረች ሦስት ቀኗ ነበር። ቤቷ ስገባ ከአልጋዋ ሥር የጋዜጣ ክምር አየሁ፤ በገመድ የታሰረ፣ ዳር ዳሩ በቀይ የተጻፈ። ጎረቤቷ ዓይኗን እየጠረገች «እትዬ እኮ ‹ይኼን ለወንድሜ እንዳትሰጡት፣ ይለጥፈዋል› እያሉ ይስቁ ነበር» አለችኝ። እኔም አልወሰድኩትም።

ዛሬ ማለዳ ልጄ ገበያ ወርዶ ብቻዬን ቀረሁ። ከግድግዳው ያልፈረሰው አንድ ጎን ነው። ፊቱ ቆምኩና በምርኩዜ ጠቅ አደረግሁት።

«ከዚህ ኋላ ምን አለ?» አልኩ።

እንደሷ ዓይኔ ወደ በሩ ሄደ።