ኤአዩን በግ ተራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ

ደብረ ብርሃን ላይ ኤአይ የሚባለውን ነገር ሥራ ያስገባሁት የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ዶክተሮች እኛ ቀድመናል ሊሉ ይችላሉ። ይበሉ። የነሱ ኤአይ የሚገዛን ሰው ከማይገዛ ሰው ይለያል? የኔ ይለያል። ያስተማረው ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። እሱም እኔ ነኝ።

ትምህርት ያቋረጥኩት ሰንፌ አይደለም። ክፍል ውስጥ ካለው ወሬ በግ ተራ ያለው ወሬ ስለበለጠብኝ ነው። አራት ዓመት የበግ ደላላ ነበርኩ። ዓይኔን አስረህ በግ ብታስጨብጠኝ፣ ወገቡን ይዤ ስንት ወር ገብስ እንደቀመሰ እነግርህ ነበር። ሰው አያምነኝም፣ ግን ያው እውነት ነው።

ከዛ እትዬ አገኙኝ። እትዬ የምላቸው አለቃዬን ነው። ከገበያ የበግ ጠጉር እየገዙ ባና ያሠራሉ። ባና እንግዲህ ከጠጉር የሚሸመነው ወፍራሙ ብርድ ልብስ ነው፤ የኛን አገር ብርድ ፊት ለፊት ተጋፍጦ የሚያሸንፍ እሱ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ፈታዮችና አራት ሸማኔዎች አሏቸው። እኔን የቀጠሩኝ ጠጉር እንድሸከም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ራሴን የሽያጭ ኃላፊ አድርጌ ሾምኩ። ማንም አልተቃወመም፣ ምክንያቱም ሽያጭ የሚባል ነገር አልነበረም።

ችግሩም እሱ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ሁለት መቶ አርባ ባና ተከምሯል። ጣራው ያፈሳል። ጠጉር እርጥበት ከነካው ይሸታል፣ ከዛ ብል ይገባበታል፣ ከዛ ባናው ወንፊት ይሆናል። ሚያዝያ ላይ እትዬ ሁላችንንም ሰበሰቡንና፣

"ክረምቱ ሳይገባ ይሄ ክምር ካልወጣ ሥራውን አቆማለሁ" አሉ። "የተሠራው ሳይሸጥ ሌላ አላስፈትልም። እናንተም ሌላ ሥራ ፈልጉ።"

ከፈታዮቹ አንዷ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ ከእናቷ ጋር መጠለያ ውስጥ ያለች ልጅ ናት። በዕድሜ እኩል ነን። ምላሷ ግን ከኔ ይበልጣል፤ ይሄን የማምነው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እትዬ እንደዛ ሲሉ የልጅቷ እንዝርት ቆመ። እናቷም እሷም የሚያድሩት በዛች እንዝርት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ደግሞ እሷ ዝም ስትል አልወድም። አፌ ቀደመኝ።

"እኔ እሸጠዋለሁ" አልኩ።

"በምን?" አለች።

"በኢሜይል።"

"ኢሜይል ይበርደዋል እንዴ?" አለችና እንዝርቷን ማሾር ጀመረች።

ኢሜይሉ የመጣው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ባዛር ሄደን ስድስት ባና ሸጠን፣ ሦስት መቶ የአድራሻ ካርድ በነፃ አደልን። የጎረቤቶቻችን ካርድ ላይ ኢሜይል ስላለ እኔም አንድ ከፍቼ አስጻፍኩበት፤ ለጌጥ ነበር። ከዛ ሰው መጻፍ ጀመረ። በቀን አሥር፣ አሥራ አምስት። እኔ ደግሞ ሳነብ ዝግ ብዬ ነው፣ ነገር እያጣጣምኩ። አንዱን ጨርሼ ቀና ስል ሌላ አራት ገብቷል።

ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ችግሬን ነገርኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ ኤአዩን ከኢሜይሌ ጋር ቀጣጠለና፣

"ከዚህ በኋላ አንተ አታነብም። ኤአዩ ያነባል" አለኝ። "ሊገዛ የፈለገውን ትኩስ ይልልሃል፣ የሚያመነታውን ለብ ያለ፣ የማይገዛውን ቀዝቃዛ። ለቀዝቃዛው ራሱ መልስ ሰጥቶ ይሸኘዋል። ትኩስ ሲገባ ብቻ ስልክህ ይጮሃል።"

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ስሙን ግን አልወደድኩትም። ትኩስ፣ ለብ ያለ ምናምን የሻይ ቤት ነው። እኔ አስቀየርኩት። ትኩሱን በቆላው ከተማ ሸዋ ሮቢት አልኩት፣ መሃለኛውን ደብረ ሲና፣ ቀዝቃዛውን ብርድ በማይለቀው መዘዞ።

"ለምን ቀዝቃዛውን ደብረ ብርሃን አላልከውም?" አለኝ ተማሪው።

"አገሬን አላሰድብም" አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ፈታዮቹ መሃል ቆሜ፣ "ሸዋ ሮቢት ገብቷል" ብዬ አወጅኩ። ሰውየው የጻፈው እንዲህ ይላል፦ "ሥራችሁን አይቼ እንባዬ መጣ። እንዲህ ያለ ውበት ዓለም ሊያየው ይገባል። በአካል መጥቼ ማየት እፈልጋለሁ።" እትዬ ከቤት ምሳ አስመጡ። ሰውየው ከነሚስቱ በመኪና መጣ። ባናውን ተከናንቦ ፎቶ ተነሳ፣ ሚስቱም ተነሳች፣ ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱ። ፎቶ አንሺው እኔ ነኝ። ምሳ በሉ። "እጃችሁ ይባረክ፣ በርቱ" ብለው ሄዱ።

ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ሥራችንን "ድንቅ ቅርስ" ብሎ የጻፈ ነው። ጥናት ሊያጠና መጥቶ አርባ ሁለት ጥያቄ ጠየቀን። አንዱ ጥያቄ "በምርቱ ምን ያህል ይረካሉ?" ይላል። እትዬ፣ "ቢሸጥልኝ እረካ ነበር" ብለው አጻፉት። ሦስተኛው አድንቆን አድንቆን ሲያበቃ የቆርቆሮ ቀለም ሊሸጥልን ሞከረ።

ልጅቷ ከዛ በኋላ አላስቀመጠችኝም። ጠዋት ገና ከበር ስገባ፣

"አቶ ኢሜይል፣ ዛሬስ ሸዋ ሮቢት ስንት ሰው ላከ?" ትላለች። "ምሳ በልተው ነው የሚመጡት ወይስ ድንች እንቀቅል?"

ሌሎቹ ፈታዮች ይንከተከታሉ። እኔም እስቃለሁ፣ በጎን ግን የክምሩን ባና እቆጥራለሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ክምሩን ከመሬት አንስተን ባሕር ዛፍ ረብርበን፣ ላስቲክ አለበስነው። በማግሥቱ እትዬ ለሸማኔዎቹ፣ "የያዛችሁትን ጨርሱ፣ አዲስ ድር ግን አትዘርጉ" አሏቸው። ልጅቷ ይሄንን ስትሰማ እኔን አላየችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሲቸግረኝ በግ ተራ ሄድኩ። ሌላው ሰው ጸበል ይሄዳል፣ እኔ በግ ተራ። አንድ ሰውዬ አንድ ሙክት ላይ ቆሞ ያወርድበታል።

"ይሄ በግ ነው?"

"ምን መሰለህ?" አለ ባለበጉ።

"ላቱ የታለ? ቤት ረስተኸው መጣህ?"

"ከገዛኸው አስልክልሃለሁ።"

"ጥርሱ የአያቴን ነው የሚመስለው።"

"አያትህ ጎበዝ ናቸው፣ እስካሁን ገብስ ይቆረጥማሉ ማለት ነው።"

በመሃል አንድ ሌላ ሰው ሲያልፍ፣ "ሲያምር፣ እግዜር ይባርክልህ" አለ። ባለበጉ ዞሮም አላየው። ለምን ያየዋል? የሚያደንቅ ሰው አይገዛም። የሚገዛ ሰው አድንቆ ዋጋ ያስጨምራል እንዴ? እኔም ወሬ እየሰማሁ ለተሳዳቢው የበጉን ገመድ መፍታት ጀምሬ ነበር፤ ልማድ ነው። ገመዱን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

አንድ ወር ሙሉ ምሳ ያበላሁት ማንን ነው? እግዜር ይባርክልህ የሚለውን ሰውዬ ነው። ታዲያ ላቱ የታለ የሚለውን የት ላክሁት?

መዘዞ።

እዛው በጎቹ መሃል ቁጭ ብዬ የቀዝቃዛውን ማኅደር ከፈትኩ። አንድ የጎረቤላ ሰው፣ እዛው አንኮበር ወረዳ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ ሦስት ጊዜ ጽፏል። የመጀመሪያው፦ "ፎቶውን አየሁት። ባና ነው ወይስ የአህያ ግላስ? እንግዳዬን ሲያሳክከው ማን ሊያክለት ነው? ዋጋውንም አልጻፋችሁትም፣ አፍራችሁ መሰለኝ።"

የኔ ኤአይ መልሷል፦ "ክቡር ደንበኛችን፣ ምርታችን ከፍላጎትዎ ጋር እንደማይጣጣም ተረድተናል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

ሰውየው፦ "መች አይጣጣምም አልኩ። ያሳክካል ነው ያልኩት። ደግሞ ጠባብ ይመስላል። ሲታጠብ ቢሰበሰብስ? ሌላ ቦታ የተሻለ አይቻለሁ።"

ኤአዩ፦ "ሌላ ቦታ የተሻለ በማግኘትዎ ደስ ብሎናል።"

ሰውየው፦ "እናንተ መሸኘት ነው እንዴ ሥራችሁ? ሠላሳ አልጋ አለኝ። በዚህ ጉም ለአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ቢያስፈልግስ? ግን አልገዛም።"

ኤአዩ፦ "ውሳኔዎን እናከብራለን።"

እንደሱ ያሉ አሥራ አንድ ሰዎች ቆጠርኩ። አሥራ አንዱም ሲሳደቡ የኖሩ፣ አሥራ አንዱም በትህትና የተሸኙ። ስልኬን አፌ ጋ አስጠግቼ በድምፅ ነገርኩት።

"ስማ። የሚሰድብ የኛ ነው። ጉድለት የሚቆጥር ዕቃውን ደህና አድርጎ አይቶታል። አልገዛም ብሎ ተመልሶ የጻፈ ሊገዛ ነው። የመረቀ ግን ሄዷል፣ እሱን መዘዞ ክተተው።"

"ገባኝ" ብሎ ጻፈልኝ። "አሉታዊ አስተያየትን እንደ ግዢ ፍላጎት ምልክት እወስዳለሁ።" ምን እንዳለ እኔ አልገባኝም፣ እሱ ግን ገብቶታል።

በዛ ሰዓት ስልኬ ጮኾ ጮኾ ባትሪው አለቀ። ትንሽ አበዛው እንጂ። ከሌላ ሱቅ የገዛው ጫማ ሶሉ የተገነጠለበት ሰውዬ በስህተት ለኛ ጽፎ ሲራገም፣ ኤአዩ "ከፍተኛ ፍላጎትዎን ተረድተናል፣ ስንት ባና ልላክልዎ?" እያለ ሁለት ቀን አሳድዶታል። እሱን ራሴ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ሰኞ ጠዋት የጎረቤላውን ሰውዬ ጽሑፍ ለእትዬ አነበብኩላቸው። ተቆጡ።

"ባናዬን የአህያ ግላስ ያለ ሰው ቤት ልሂድ?"

"እትዬ፣ እርስዎ ገበያ ላይ ጠጉር ሲገዙ ምንድነው የሚሉት?"

ትንሽ አሰቡ። "ይሄን የሸለታችሁት ከውሻ ነው እላለሁ።"

"ከዛስ?"

"ከዛማ እገዛለሁ" አሉና ነጠላቸውን አነሱ።

አንድ ባና ጠቅልለን በሚኒባስ ጎረቤላ ወረድን። ባለማረፊያው ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ጋቢ ለብሷል። ባናውን ዘረጋንለት። አንዱን ጫፍ በሁለት ጣቱ አነሳ፣ የሞተ አይጥ እንደሚያነሳ።

"ይሄን ነው ከደብረ ብርሃን ድረስ ተሸክማችሁ የመጣችሁት?" አለ።

"አልጋህን ሳየው ተሸክመን መመለሱ ነው የሚሻለን" አሉ እትዬ። "አልጋ ነው አግዳሚ ወንበር?"

"ይከብዳል።"

"ጉሙን ልታወጣው ነው ወይስ ልታስገባው? መስኮትህ እኮ አይገጥምም።"

እኔ በደስታ ላብድ ነው። እንዲህ ያማረ ስድድብ ከበግ ተራ ውጭ ሰምቼ አላውቅም። ከዛ ሰውየው ወንበር ላይ ተቀመጠና ባናውን ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገው። በዛ በማይገጥመው መስኮት ጉሙ ይገባል። እጁን ባናው ላይ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ አደረገ።

"ጥሩ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "እውነቴን ነው። እጃችሁ ይባረክ።"

መረቀን። አለቀ። የልጅቷ እንዝርት ዓይኔ ላይ መጣ። ልለምነው አፌን ስከፍት እትዬ በክርናቸው ጎሸሙኝ። ባናውን ከጉልበቱ ላይ አነሱና ማጠፍ ጀመሩ። ሰውየውን አላዩትም። አንዴ አጠፉት። ሁለቴ አጠፉት። ሦስተኛውን ሊያጥፉ ሲሉ የሰውየው እጅ ተዘረጋና ጫፉን ያዘው።

"ቆዪ እስቲ" አለ። "ይሄ ጫፍ ለምንድነው የተንሻፈፈው?"

ያንን የተንሻፈፈ ጫፍ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ስልሳ ወሰደ። ሲሸኘንም እስከ መኪናው ድረስ እየተሳደበ ነው የሸኘን።

ሌሎቹን አሥር ተሳዳቢዎች አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ሁለቱ እውነትም የማይገዙ ባለጌዎች ናቸው፣ ስምንቱ ግን ሰዎች ናቸው። ሰኔ ሳያልቅ መጋዘኑ ውስጥ አሥራ ሰባት ባና ብቻ ቀረ። እትዬ ለሸማኔዎቹ፣ "ምን ትጠብቃላችሁ? አዲስ ድር ዘርጉ እንጂ" አሏቸው፣ የከለከላቸው ሌላ ሰው ይመስል።

የዛን ቀን ልጅቷ ወደኔ መጣች። "ጎበዝ ነህ" አለችኝ። "እግዜር ይስጥልን፣ ይባርክህ።"

ሳቅ ብዬ ተቀበልኳት፣ ግን ብርድ ነው የወረረኝ። መረቀችኝ እኮ። አንድ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላልህ አለኝ። ኤአዩን ልጠይቀው አስቤ ነበር፣ አፈርኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ በሽያጭ ኃላፊነቴ የገዛሁትን አዲስ ጃኬት ለብሼ ገባሁ። እንዝርቷን አቁማ ከላይ እስከታች አየችኝ።

"ጃኬቱ የሰው ነው?" አለች። "እጅጌው ጣትህን ዋጠው። ቀለሙስ፣ ይሄን ብለህ ነው ገንዘብ የምታወጣው? ጸጉርህንም ማነው እንዲህ የቆረጠህ?"

ስልኬን አወጣሁና ዞር ብዬ ለኤአዩ ጻፍኩለት፦ ሸዋ ሮቢት።