ታየችና የዝናሽ ፓፍ

ታየች ድብ ባሕር በሚባል ገጠር የሚኖር ገበሬ ልጅ ናት። ጎንደር መጥታ ለክለብ አምስት ሺህ ሜትር መሮጥ ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። ሦስቱን ዓመት ከክለቡ ሴቶች የሚቀድማት አልነበረም። በአራተኛው ዝናሽ የምትባል ልጅ ከዳባት መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ታየች ስትሮጥ የምታየው የዝናሽን ጀርባ ሆነ።

ቅናት አንገበገባት። አሰልጣኙ ዝናሽን «ሸጋ ሮጥሽ» ሲላት፣ ታየች የታሰረ ጫማዋን ፈትታ እንደገና ታስራለች።

አንድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ከወለቃ ማዶ ልምምድ ሊጀምሩ ሲሉ፣ ታየች ዝናሽን ከክለቡ ማኪና ኋላ ዞር ብላ ፓፍ የሚሉትን የሚሳብ መድኃኒት አፏ ውስጥ አድርጋ ሁለት ጊዜ ስትስብ አየቻት። ታየች ደስ አላት። «ለካ በጉልበቷ አይደለም የምትቀድመኝ!» አለች በልቧ። ልምምዱ ሳያልቅ አሰልጣኙን ጠራችው።

«አያ ደመቀ፣ ዝናሽ አበረታች መድኃኒት ትወስዳለች። በዓይኔ አይቻለሁ።»

አሰልጣኙ ከሰዓት ሁለቱንም ይዞ ወደ ክለቡ ሐኪም፣ ወደ ዶክተር ፀደንያ ወሰዳቸውና ታየች ያለችውን ነገራት።

«ልንገራት?» አለች ዶክተሯ ዝናሽን እያየች።

«ንገሪያት።»

«ዝናሽ አስም አለባት። እየሮጠች ብርዱንና አቧራውን ስትስብ የአየር ቧንቧዋ ይጠብባል። ፓፉ የጠበበውን ይከፍትላታል እንጂ ከአንቺ የበለጠ ሳንባ አይሰጣትም። በልኩ ከተወሰደ የውድድር ሕጉም ይፈቅደዋል።»

ታየች አላመነችም። ወደ ዝናሽ ዞረች። «አምና ስትቀድሚኝስ? ያኔም ትስቢ ነበር?»

«አምና መታመሜን መች አወቅሁ?» አለች ዝናሽ። «ሯጭ ሁሉ ደረቱ እያፏጨ፣ እየታፈነ የሚሮጥ ይመስለኝ ነበር። መድኃኒት ከጀመርሁ ገና አራት ወሬ ነው።»

ታየች ፊቷ ጋለ። ለካ አንድ ዓመት ሙሉ ስትቀድማት የኖረችው ትንፋሽ እያጠራት ነው። ያ ከመጀመሪያው ቅናት የባሰ አቃጠላት።

ደጅ ሲወጡ ዝናሽ አስቆመቻት። «ምነው፣ እኔን ብትጠይቂኝ?»

«ቀንቼ ነው» አለች ታየች። እንዲህ ብላ ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ዝናሽ ለሁለት ሳምንት አላናገረቻትም። በኋላ ግን ዝናሽ ከሩጫ በፊት ቀስ ብላ፣ ረዘም አድርጋ ሰውነቷን እንድታሟሙቅ ዶክተሯ ስላዘዘቻት ብቻዋን ቀድማ መውጣት ጀመረች፤ ታየችም ሳትጠራ ተከተለቻት። በክልሉ ውድድር ዝናሽ አንደኛ፣ ታየች ሁለተኛ ወጡ። ታየች የራሷን ሰዓት በዘጠኝ ሰከንድ አሻሽላለች። ዝናሽን አቅፋ ሳመቻት፤ የአንደኛነቱ ሜዳሊያ ለዝናሽ ሲጠለቅላት ግን ማየት አልቻለችም።