የልጄ ኮምፒውተሮች ዛሬ እኩል ቆጠሩ

ልጄ ብሩክ የሞተ ቀን ይሠራበት ከነበረው ከሞጆ ተደውሎ "ትንሽ አሞታል" ነበር የተባልኩት። ከዚያ ወዲህ ከሞጆ ሲደወል ስልኩን ቶሎ አላነሳም።

ዛሬ ጠዋት ግን ብሩክ ሥራ ያስተማራት ሀዊ ደውላ "እማዬ፣ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ይምጡ" አለችኝ። ከአዳማ በሚኒባስ ሄድኩ።

እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። ሀዊ ናት ያስረዳችኝ።

መሥሪያ ቤታቸው የሚገቡና የሚወጡ የጭነት መኪኖችን ተራ በሰዓት ይመዘግባል። ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት የላቸውም፤ ሰዓታቸውን የሚያስተካክለው ብሩክ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ የመግቢያው በር ኮምፒውተር ሰዓት ቀደመ፣ የመውጫው ዘገየ።

አንድ ሾፌር "ሳልገባ ወጥቻለሁ ይላል እኮ! መንፈስ ነኝ እንዴ?" ብሎ ጮኸ አሉ። ሾፌሮቹ በተራ ጉዳይ ሊደባደቡ ደርሰው ነበር።

የሀዊ አለቃ "የቀደመውን ባንዴ ወደ ኋላ መልሺውና እንገላገል" ሲሏት እምቢ አለች።

"ባንዴ ከመለስነው ኋላ የመጣው መኪና የቀደመ ሰዓት ይመዘገብለትና ፊተኛ ይሆናል። ብሩክ እንዳሳየኝ ነው የማደርገው።"

አንዱን ኮምፒውተር ሌሎቹ ሰዓቱን የሚከተሉት መሪ አደረገች። የቸኮለውን ትንሽ ትንሽ እያዘገየች፣ የዘገየውን ትንሽ ትንሽ እያፈጠነች ሰነበተች። የማንም ተራ አልተነካም።

ዛሬ ሁሉም እኩል ሆኑ! ያ የጮኸው ሾፌር ጉንጬን ስሞ "እናቴ፣ ልጅዎ ዛሬም ያስታርቀናል" አለኝ። ከሐዘኔ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

እናንተስ፣ የሞተባችሁ ሰው ሙያ በሌላ ሰው እጅ ሲሠራ አይታችኋል? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን አነባለሁ።

በየእምነታችሁ ስትጸልዩም ልጄን ብሩክን አስቡልኝ።