ማርሊስ የጀመረችው ሳጥን

ሎርና በአሜሪካ፣ ነብራስካ ውስጥ፣ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ልብስ አጣቢ ነበረች። ባሏ ሃርላን የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ክረምቱን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። አንሶላ አጥቦ በማጠፍ የሚያህላት አልነበረም፤ ወረቀትና ሙጫ ግን እጇ ላይ አይበረክቱም። አምና በየካቲት፣ የትምህርት ቤት ልጆች ለፍቅር ቀን እያንዳንዳቸው ቤት ሠርተው ባመጡት ሳጥን ካርድ ሲቀባበሉ፣ ልጇ ዊላ ይዛ የሄደችው የካርድ መቀበያ እናቷ በብርማ ወረቀት የጠቀለለችው የጫማ ካርቶን ነበር። ወረቀቱ መንገድ ላይ ተቀደደና ከሥሩ የእናቷ የጫማ ቁጥር ብቅ አለ። ልጆቹም ዊላን «ዘጠኝ ተኩል» እያሉ ሲጠሯት ከረሙ።

ዘንድሮ ዊላ እናቷን አልጠየቀችም። ቀጥታ ለአክስቷ ለማርሊስ ደወለች።

ማርሊስ የሎርና ታናሽ እህት ናት፤ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ አላገባችም፣ አልወለደችም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርቶን፣ ቀይ ወረቀትና የዳንቴል ቁርጥራጭ ታቅፋ መጣች። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከዊላ ጋር ተጠጋግተው የካርዱን ሳጥን በቀይ የከብት በረት ቅርጽ መሥራት ጀመሩ፤ በሩ የሚከፈት፣ በመስኮቱ ላም አንገቷን ያወጣችበት።

ሎርና ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥባለች። ከኋላዋ ይንሾካሾካሉ፣ ይስቃሉ። ልርዳችሁ ብትል ዊላ ቀና ሳትል፣ «ተይው እማዬ፣ ትቀድጂዋለሽ» አለቻት። ማርሊስ ሳቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት። ሎርና የታጠበውን ድስት እንደገና ታጥበው ጀመር። ዘወር ስትል ልጅቷ ጭንቅላቷን አክስቷ ትከሻ ላይ ጥላለች። ሎርናን እንደዚያ ከተደገፈቻት ቆይታለች። ልጅቷን ጉንፋን ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታነጋው እሷ፣ እናቷ፤ ትከሻው ግን የማርሊስ።

«ማርሊስ» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «የሰው ልጅ ከምታባብዪ የራስሽን ብትወልጂ አይሻልም ነበር?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ ሎርና ግን ከአፏ ሲወጣ አውቃዋለች። ማርሊስ መቀሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ኮቷን ለብሳ፣ የዊላን ግንባር ስማ ወጣች። በረቱ ጣራ አልነበረውም፤ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳም ገና አልተበጀለትም።

ዊላ አላለቀሰችም። እናቷን ዘጋቻት እንጂ።

ጣራውን ሎርና ራሷ ሠራችው። ሙጫው በዛበትና ጠመመ፤ ቀዳዳውንም በዳቦ ቢላ ቀደደችው። የበዓሉ ዕለት ብስኩት ይዛ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ክፍሉ ውስጥ ቆማ ስታይ፣ ቀዳዳው ጠቦ ካርዶቹ አልገባ አሉ። ልጆቹ እያጠፉ ሊከቱ ሲታገሉ አስተማሪዋ ቀረብ ብላ በረቱን ማን እንደሠራው ጠየቀች።

«ጣራው የእናቴ ነው» አለች ዊላ፣ «ሌላው የአክስቴ።»

ልታሳጣት ብላ አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ሎርና ብስኩቱን የምታስተካክል መስላ ጎንበስ አለች።

ከትምህርት ቤቱ እንደወጣች ወደ ጨርቅ መሸጫው ሄደች። ማርሊስ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካች ነበር፤ አየቻትና መለካቷን ቀጠለች። ሎርና ሴትዮዋ እስክትወጣ ቆማ ጠበቀች።

«ቀንቼ ነው» አለች። «ልጄን የወሰድሽብኝ መሰለኝ።»

ማርሊስ ጨርቁን እየጠቀለለች፣ «የተናገርሽኝ እኮ አልቅሼም የማይወጣልኝ ነገር ነው» አለች።

ሎርና ይቅርታ ጠየቀቻት። ማርሊስ ጨርቁን መደርደሪያው ላይ መለሰችው። ለልጅቷ ስትል ግን እሑድ እንደምትመጣ ነገረቻት።

መጣችም። ዊላ የመኪናዋን ድምፅ ስትሰማ ካርዶቿን ሁሉ ታቅፋ፣ በሹራብ ብቻ በረዶው ላይ ሮጠች። ሎርና በመስኮት አየቻቸው፤ ያው ቅናት ተነሣባት። ምላሷን ነከሰችና የልጅቷን ኮት ይዛ ወጣች።