እጄ ላይ የጠመጠምኩት ገመድ

ባለፈው ቅዳሜ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ልገዛ ወጥቼ፣ አንድ ጎረምሳ ፈረስ እየጎተተ ሲያልፍ አየሁ። በአንድ እጁ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል፤ የፈረሱን ገመድ ደግሞ በሌላኛው እጁ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥሞታል። ከኋላው ባጃጅ ጥሩምባውን ያንባርቃል። እኔ መቼስ አፌ አያርፍም፤ "አንተ ልጅ፣ ፍታው!" ብዬ ጮህኩ።

"አይዞዎት አባባ፣ ይኼ የዋህ ነው" አለኝና ስቆ አለፈ።

የዋህ! የእኛም ፈረስ፣ ዳማ፣ የዋህ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፤ እዚሁ አርባ ምንጭ መምህርነት እማራለሁ። ሐምሌ ላይ አባትህ አረፈ ተብዬ ከጨንቻ በላይ ወዳለው መንደራችን ወጣሁ። ጭጋጉ ቀርከሃውን ውጦታል፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ቤት ስደርስ ጎረቤቶች ትኩስ ቆጮ በጎመን አቀረቡልኝ፤ እኔ የምወደው ምግብ ነው፣ ግን ሳልቀምሰው መለስኩት።

በእኛ መንደር ፈረስ የነበረው ሰው ሲሞት፣ ፈረሱ የሟቹን ጋቢ ለብሶ የለቅሶውን ሜዳ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚመራውም የበኩር ልጅ ነው። ዙሩን ሳይጨርስ ካመለጠው፣ "የአባቱን ፈረስ መያዝ ያቃተው" ይባላል፤ ይህች ወሬ ደግሞ ሰውን ሸምግሎ እንኳ አትለቀውም። የበኩሩ ልጅ እኔ ነኝ። ፈረስ ከነካሁ ግን አራት ዓመት አልፎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ጋሼ ማዳልቾ፣ ወደ ዳማ ወሰደኝ። ዳማን ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ከአባቴ ጋር ያሳደገው እሱ ነው። ከሩቅ ሳለን ጀምሮ "ዳማ፣ እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ዳማ" እያለ ቀረበና መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ሳያናግረው ተጠግቶት አያውቅም። እኛ ልጆች ሳለን "ጋሼ ለፈረስ ሰላምታ ይሰጣል" እያልን እንስቅበት ነበር።

"ከፊቱ አትቁም" አለኝ። "ከኋላውም ሳታናግረው አትለፍ፣ አያይህማ። ትከሻው አጠገብ ሁን። ገመዱን አጥፈህ ጨብጠው እንጂ እጅህ ላይ እንዳትጠመጥም።"

"ቢደነግጥብኝስ ጋሼ?"

"ልቀቀዋ! ቤቱን ያውቃል፤ ማታ ተመልሶ ይመጣል።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ሰው የፈለገውን ይበል። እጅ ግን ከተቆረጠ አይበቅልም ልጄ።"

እሺ አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

ሜዳው ላይ መንደርተኛው ጦርና ጋሻ ይዞ እየሮጠ ያለቅሳል፤ ቀንደ መለከት ይነፋል። የመጀመሪያውን ዙር በሰላም ጨረስን። በሁለተኛው ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጣብቆ ያንኮራፋ ጀመር። መዳፌ በላብ ስለራሰ ገመዱ ተንሸራተተብኝ። ቀና ስል ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። ይሉኝታ ያዘኝና ገመዱን አንዴ እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ከዚያ ደገምኩ።

ሦስተኛው ዙር ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ነፋስ መጣና የለቅሶው ድንኳን ሸራ ጥግ ተበጥሶ ጧ! አለ። ዳማ ዘለለ። ልለቀው አልኩ፤ ማን ይለቀኛል? ገመዱ ጣቶቼን ከረከረና በደረቴ ጭቃው ላይ ጎተተኝ። ዳማ ከቀርከሃው አጥር ጋር ሲላተም መውጫ አጥቶ ባለበት ይሽከረከር ጀመር፤ እኔ እግሩ ሥር ነኝ። ሰው ይጮሃል፤ የሚጠጋ ግን የለም።

"ኤልያስ! ኤልያስ!" እያለ ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ማዳልቾ ቢላ ይዞ በአቋራጭ፣ በፈረሱ ኋላ በኩል እየሮጠ መጣ። ገመዱን ሲቆርጠው ክንዴ ሲቀልለኝ ይሰማኛል። ወዲያው ዳማ በሁለት የኋላ እግሩ የጋሼን ደረት መታው።

በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ጨንቻ ወረድን። እኔም እጄን በነጠላ ጠቅልዬ አጠገቡ እሄዳለሁ። "እጅህ እንዴት ነው?" አለኝ አንዴ። "ደህና ነው ጋሼ" አልኩት። ዋሸሁት፤ ሁለት ጣቶቼ ሄደዋል። ሐኪም ቤት ሳንደርስ መንገድ ላይ አረፈ። የአባቴ ድንኳን አልፈረሰም፤ ለእሱም ያው ድንኳን ሆነ።

ማታ አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ ዳማ ደጃፋችን ላይ ቆሟል፤ የአባቴ ጋቢ ከጎኑ ተንጠልጥሎ ጭቃ ላይ ይጎተታል። ጋሼ እንዳለው በራሱ መጥቷል። የቆጠቆጠኝ ይኼ ነው። አንዳንዶች ይገደል አሉ። እናቴ ግን "ተዉት፤ እንስሳ ምን አጠፋ?" አለች። ወደ እኔ አላየችም። ብታየኝ ይሻለኝ ነበር።

እናም ባለፈው ቅዳሜ ሙዜን እዚያው ትቼ ጎረምሳውን ተከተልኩት። ደርሼ ሦስት ጣት የቀረውን እጄን ዘረጋሁለት። ስልኩን ዘጋና ገመዱን ፈታ። "ምን ቆረጠዎት?" ሲለኝ "ይሉኝታ" አልኩትና ተመለስኩ።

ቤት ገብቼም ያው ሐሳብ አልለቀቀኝም። ጋሼ ማዳልቾ በዚያ ፈረስ ዕድሜ ሙሉ "ዳማ፣ እኔ ነኝ" ሳይል ተጠግቶት አያውቅም። ያን ቀን ግን የጠራው የእኔን ስም ብቻ ነው።