ለለቅሶ የተቀመጠ ዕረፍት

ሸዋነሽ ቁጭ ብላ ያየ ሰው የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሎረንስቪል ባለው ቤቷ ምግቧን የምትበላው ቆማ ነው። ስልክ የምታወራው ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ጋራዥ እየተመላለሰች ነው። ጎረቤቷና ጓደኛዋ እታገኝ፣ «እሷ ቤት ለጥየቃ ሄጄ እኔ ነኝ ደክሞኝ የምመለሰው፣ ዓይኔ ሲከተላት ይውላል» ትላለች።

ሥራዋ ሮዝዌል ውስጥ ባለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ከሰው አፍ የወጣውን መሣሪያ ሁሉ አጥባ፣ ቀቅላ፣ አሽጋ ለሐኪሞቹ ትመልሳለች። በዚያ ክሊኒክ ውስጥ እግሯ የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ታካሚዎች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ካለው የዓሣ መስታወት ፊት። እውስጡ ብርቱካንማና ሐምራዊ ኮራል፣ ያ ባሕር ሥር እንደ አበባ የሚበቅለው ነገር፣ ተተክሏል፤ አንዱ የአበባ ጎመን ይመስላል፣ ሌላው የአጋዘን ቀንድ። ፕላስቲክ ነው። ዓሦቹ ግን እውነተኞች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ በፕላስቲኩ መሃል ሲሽሎከሎኩ ይውላሉ። ሸዋነሽ መስታወቱን ስትወለውል፣ «እናንተንም ሸወዷችሁ አይደል?» ትላቸዋለች። እውነተኛው ምን ይመስል ይሆን እያለች ነው ወደ መቀቀያዋ የምትመለሰው።

ይህን ለልጇ ለሚካኤላ ያነሳችላት ለወሬ ያህል ነበር። ሚካኤላ ግን እዚሁ አድጋ፣ እዚሁ ተምራ ፋርማሲስት የሆነች ልጅ ናት፤ ወሬን ወሬ አድርጎ መተው አታውቅበትም። በሳምንቱ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች።

«ማሚ፣ ሉክ! ቦኔር ይባላል፣ ካሪቢያን ውስጥ ያለ ደሴት ነው። ኮራሉ ከዳር ብዙም አይርቅም። ጀልባ ምናምን አያስፈልግሽም፣ ከዳር ተነስተሽ ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ።»

«ዝም ብዬ ገብቼ ዝም ብዬ ልቅር?»

«ላይፍ ጃኬት አለ እኮ! ፍሎት ታደርጊያለሽ፣ አትሰምጪም፣ በማስኩ ቁልቁል ታያለሽ። በቃ። ሁለታችን ብቻ፣ አንድ ሳምንት።»

ሸዋነሽ የዕቃ ፎጣ በእጇ እንደያዘች ከልጇ ትከሻ በላይ አጎንብሳ አየች። ውኃው ከላይ አረንጓዴ ነው፣ ራቅ ሲል ሰማያዊ፤ ሥሩ የሚታየው ነገር ደግሞ አንድ ሙሉ የአትክልት ቦታ ነው፣ ቢጫው፣ ወይን ጠጁ፣ ቡኒው። ፎጣው ከእጇ ወደቀ፣ አነሳችው።

«ያምራል» አለች። «ፈቃድ ግን የለኝም።»

ውሸቷን ነው። ፈቃድስ ነበራት።

ነገሩ የቆየ ነው። አባቷ ያረፉት እሷ ዲቪ ደርሷት በመጣች በሁለተኛው ዓመት ነበር። ያኔ ሆቴል ክፍል ታጸዳ ነበር፤ አዲስ ገቢ ስለሆነች ፈቃድ የሚሰጣት አላገኘችም። የአባቷን ቀብር የሰማችው ስልኳን ትራስ ልብስ ውስጥ ሸሽጋ፣ በአንድ ጆሮዋ የካህናቱን ዜማ፣ በሌላው የቫክዩሙን ጩኸት እያዳመጠች ነው። ከዚያ ወዲህ ለራሷ ሕግ አወጣች፦ አንድ ሳምንት ፈቃድ ምንጊዜም በእጇ ይኖራል። አገር ቤት ለጥየቃ ትሄዳለች፣ ባለፈው ዓመትም ለገና ሄዳ መጥታለች፤ ያቺን ሳምንት ግን አትነካትም። ቁም ሣጥኗ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሻንጣ አለች፤ እሷ ውስጥ ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ደብረ ብርሃን ያሉት እናቷ እማማ መነን ሰማንያን አልፈዋል። ከአገር ቤት ስልክ ሲጮህ ሸዋነሽ «ሄሎ» አትልም፤ «ሁሉ ደህና?» ብላ ነው የምታነሳው።

ሚካኤላ ይህን አታውቅም። እሷ የምታውቀው እናቷ ሁሌም «ፈቃድ የለኝም» እንደምትል ነው። ስለዚህ ከአባቷ ከዳኘው ጋር ጋራዥ ውስጥ ተማከረችና ትኬቱን በድብቅ ቆረጠች። ዳኘው ኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። «ስንቱን ሰው ለቫኬሽን ሳደርስ የኔዋ ሚስት አንድ ቀን አልሄደችም» አለና፣ «አድርጊው፣ እኔ የለሁበትም ብዬ እክዳለሁ» ብሎ መረቃት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ሰኞ ዕለት እታገኝ ደወለች። እታገኝ ስትደውል «አንቺ ሌባ፣ የት ጠፋሽ!» ብላ ነው የምትጀምረው። ያን ቀን ግን ድምጿ ልስልስ ያለ ነበር።

«ሸዋዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? በልተሻል?»

«ምን ሆንሽ አንቺ? አመመሽ?»

«እኔ ደህና ነኝ። ብቻ… ምግብ እንዳትተዪ» ብላ ዘጋችው።

ሸዋነሽ ስልኩን እያየች ጋራዥ ገባች። ዳኘው ያወራበት የነበረውን ስልክ ቶሎ ኪሱ ከተተ።

«ማነው?»

«የኢንሹራንስ ሰውዬ ነው።»

የኢንሹራንስ ሰውዬ በአማርኛ ያወራል እንዴ አላለችም። ዞር አለችና ታጥቦ የተቀመጠውን ዕቃ እንደገና አጠበችው።

ረቡዕ ስኮትዴል ያሉት ጋሽ ወንዳፍራሽ ደወሉ። ጋሽ ወንዳፍራሽ የእድራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ ሲኖር ሰው ተሰብስቦ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ባለሐዘኑ ቤት ይሄዳል፤ መጀመሪያ አፋቸውን የሚከፍቱትም ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው። ለዚህ የሚሆን ለስላሳ ድምፅ እግዜር ሰጥቷቸዋል።

«ልጄ ሸዋነሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አለሽ?»

«ሥራ እስክገባ አለሁ። ምነው ጋሼ?»

«ምንም… ምንም። በርቺ ልጄ።»

ሰው ያለ ምክንያት «በርቺ» አይባልም። ሸዋነሽ እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ጎረቤት ጋ ልትደውል ቁጥሩን አውጥታ ጣቷ ላዩ ላይ ቆመ። ብትጠይቅ ሊነግሯት ነው። ካልጠየቀች ግን እናቷ እስከ ቅዳሜ በሕይወት አሉ። ስልኩን አስቀመጠችና ደረጃውን በቫክዩም ጠረገች፤ ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች።

ሐሙስ ክሊኒክ ውስጥ የታሸገውን መሣሪያ ፈትታ ደግማ ቀቀለች። ዓሦቹ ጋ ቆም አላለችም።

ዓርብ ማታ ሶፋዎቹን ወደ ግድግዳ ገፋች፤ ከጋራዥ የሚታጠፉትን ወንበሮች አውጥታ ደረደረች። ዳኘው ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቀረ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሰው ቢመጣ መቀመጫ እንዳይጠፋ» አለችው፣ ዓይኑን ሳታይ።

ዳኘው ወደ ሚካኤላ ክፍል ሮጠ። «ነግረሻታል እንዴ? ወንበር እየደረደረች ነው!» ብሎ አንሾካሾከ።

«አልነገርኳትም! አይ ስዌር!»

«እንግዲያው አውቃለች። ደስ ብሏታል ማለት ነው» አለና ተኛ። እሷ አልተኛችም። ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን አውጥታ አልጋው ሥር አስጠጋቻት።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል የመኪና መብራት መስኮቱን ጠረገው። አንድ፣ ከኋላው ሌላ። ሸዋነሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች። ጋሽ ወንዳፍራሽ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ቀስ ብለው ወረዱ። እታገኝ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። ሌሎችም የእድር ሰዎች አሉ፣ ማንም ከማን አያወራም። በሩን ከፈተችላቸው። ገቡ፣ አጎንብሰው ሰላም አሏት፣ በደረደረቻቸው ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

ጋሽ ወንዳፍራሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ ሸዋነሽ… እንግዲህ ሰው ሆኖ…»

አላስጨረሰቻቸውም። «እማዬን! እማዬን!» ብላ ደረቷን መታች። እታገኝም ነጠላዋን ይዛ ተነሳችና «ወየው እማማ መነን! ወየው እናቴ!» እያለች ተቀበለቻት። ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጠ።

በዚህ መሃል ሚካኤላ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። በእጇ ሰማያዊ ኬክ ይዛለች፤ በላዩ ላይ የክሬም ዓሣ ተሠርቶበታል። ግንባሯ ላይ የዋና ማስክ አድርጋለች። ቆማ ቀረች።

«ዋት? ምንድን ነው? አያቴ ሞተች እንዴ?» አለችና እሷም ማልቀስ ጀመረች።

እታገኝ ለቅሶዋን ቆረጠችው። «እንዴት ትጠይቂናለሽ? ያረዳሽን አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ? እኔ ምን አልኩ?»

እታገኝ ስልኳን ከብብቷ አውጥታ ጮክ ብላ አነበበች፦ «‹ቅዳሜ ማለዳ እኛ ቤት ኑ፤ ለማሚ ምንም እንዳትነግሩ፤ ጋሽ ወንዳፍራሽም ይምጡ።› ይሄ መርዶ ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ሰርፕራይዝ ነው! የቫኬሽን ሰርፕራይዝ! ደሴት ልወስዳት ትኬት ቆርጬ! ማለዳ ያልኩት ከዚያ በኋላ ሥራ ስለምትገባ ነው!»

«ጋሽ ወንዳፍራሽን ለምን ጠራሽ ታዲያ?»

«ስለምወዳቸው!»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ካፖርታቸውን እንደያዙ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

እታገኝ ጩኸቱ ቀስቅሶት ወደ ወጣው ዳኘው ዞረች። «አንተስ? ‹እውነት ነው ወይ› ብዬ ስጠይቅህ ‹ቅዳሜ ነው የምንነግራት› አላልከኝም?»

«ትኬቱን መስሎኝ ነዋ!» አለ ዳኘው፣ ፒጃማውን በአንድ እጁ ይዞ።

አንዱ ሳቅ ሊያመልጠው አፉን ያዘ። ሸዋነሽ ግን አልሳቀችም። መሃል ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰው ሲያጽናና ስንት ነገር ይላል።

«ደውሉልኝ» አለች። «ድምጿን ካልሰማሁ ማናችሁንም አላምንም።»

ሚካኤላ ደውላ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው። ጠራ። ጠራ። አልተነሳም። ሸዋነሽ ከበሩ እስከ ወጥ ቤቱ ሄደች፣ ተመለሰች። ሚካኤላ ደግማ ደወለች። ጠራ።

«አቤት! ማነው?»



«እማዬ!» አለች ሸዋነሽ።

«ሸዋዬ? ምነው እዚያ ሳይነጋ? ምንድን ነው የሚንጫጫው፣ ማን ሞተ?»

«እርስዎ ነበሩ እማማ መነን!» ብላ ጮኸች እታገኝ።

«እኔ? መቼ?»

ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ወንዳፍራሽ እንባቸውን በካፖርታቸው እጅጌ እየጠረጉ፣ «በሞቱ ቀን ስልክ የሚያነሱ እርስዎን አየሁ» አሉ። ሸዋነሽ ስልኩን ከልጇ እጅ ነጥቃ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ደሴቱን፣ ኮራሉን፣ መልእክቱን፣ የእታገኝን ነጠላ።

«ታዲያ ሂጂያ» አሉ እናቷ።

«አልችልም እማዬ።»

«ለምን?»

ሸዋነሽ በአንድ እጇ ወንበር ማስተካከል ጀመረች። ሚካኤላ ግን ለጉዞው ልብስ ልትከትባት፣ እናቷ ሌሊቱን አልጋው ሥር ያስጠጋቻትን ሻንጣ ከመኝታ ቤት አምጥታ፣ ከፍታ፣ ቀሚሱን እያነሳች ነበር። አየችው፣ እናቷን አየች፣ ገባት።

«አያቴ፣ ፈቃዷን ላንቺ ሴቭ እያደረገች ነው» አለች ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ። «ላንቺ ለቅሶ። ጥቁር ቀሚስ ሳይቀር አዘጋጅታለች።»

«ሚካኤላ!» አለ ዳኘው።

ሸዋነሽ ልጇን ልትገላምጣት ዓይኗን ስታነሳ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ ቀልድ የሌለበት።

«እውነት ነው ሸዋዬ?»

«አባባን ሳልቀብር ቀረሁ እኮ እማዬ። አንቺንም…»

«ስሚኝ። የኔን ቀን የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው። አንቺ ቀን ስታስቀምጪልኝ ‹ቶሎ በይ› ያልሽኝ ይመስለኛል። ቀባሪ አላጣም፣ አገር ሙሉ ሰው አለኝ። እኔ ያጣሁት አንዲት ቁጭ ብላ ያረፈች ልጅ ማየት ነው። ባለፈው ገና ሦስት ሳምንት እኔ ዘንድ ከርመሽ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ ሳትዪ ጣራ ስታስጠግኚ ቆይተሽ ነው የሄድሽው። እንኪያስ እኔ አልሞትም ብዬሻለሁ፤ ሂጂና ያንን የባሕር አበባ ምን እንደሚመስል አይተሽ ንገሪኝ። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ከነሱ ጋር ኬክ ብዪ አሁን። ደግሞ እታገኝን በይልኝ፣ ጥሩ ነው ያለቀሰችልኝ፣ ከዚህ ሰማኋት።»

ኬኩ ተቆረሰ። የመጣው ሰው ለሐዘን ያዘጋጀውን ፊት ለሠርግ ለወጠው። እታገኝ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «አንቺ ሌባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ባንቺ የተነሳ እህል አልበላሁም» ብላ ትልቁን ቁራሽ አነሳች። ሸዋነሽ የዓሣውን ጭራ ቆማ በላች። ሰኞ ክሊኒኩ ገብታ ፈቃዷን ጠየቀች፤ አለቃዋ ቀና ብላ፣ «ሰው ታመመብሽ?» አለቻት። «ማንም አልታመመም» ለማለት አንደበቷ ትንሽ ዘገየ፤ ግን አለችው።

ጉዞው ወር ሲቀረው ከሻንጣዋ ጥቁሩን ቀሚስ አውጥታ ሰቀለችው። ሩቅ አይደለም፣ እጇ ከሚደርስበት ቦታ ነው። በሱ ቦታ ሚካኤላ የገዛችላትን የዋና ልብስ አስገባች፤ ልብሱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነው፣ እሱን እስኪያገኙ ስንት ሱቅ ዞረዋል። ኮራሉን የማይጎዳ የፀሐይ ቅባት ጨመረች። «አይነካም አሉ፣ ማየት ብቻ ነው» እያለች ለሚሰማትም ለማይሰማትም አስረዳች። ማስኩን ለመልመድ ፊቷ ላይ አድርጋው ከሳሎን ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ጋራዥ ስትመላለስ የአገር ቤት ስልክ ጮኸ።

«ሄሎ፣ እማዬ!» አለች።

«ምነው ድምፅሽ? ጉንፋን ነው?»

«ማስክ አድርጌ ነው፣ አፍንጫዬን ይዞኝ።»

«እንዴ! ባሕሩ ውስጥ ሆነሽ ነው የምታወሪኝ?» አሉ እማማ መነን። አጠገባቸው ለተቀመጠ ሰው ሲናገሩም ተሰማ፦ «ባሕር ውስጥ ናት።»

ሸዋነሽ ልታርማቸው አፏን ከፈተችና ተወችው።

«አዎ፣ ገባሁ» አለች።

«እሺ፣ ምን ይታይሻል?»

በማስኩ መስታወት ሳሎኑን አሻግራ አየች። ዳኘው ከሌሊት ሥራ ገብቶ ሶፋው ላይ አፉን ከፍቶ ተዘርሯል።

«አንድ ትልቅ ዓሣ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንኮራፋል።»